ከአያቴ ሳጥን የወጡ ወረቀቶች፦ በ«ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ዘመን ሰፈሩና ሠራዊቱ እንዴት ይኖሩ ነበር?

#1 ሳጥን ከፋቹ

ሰላም ለቤቱ።

አያቴ ካረፈች ዓመት አለፋት። የሙት ዓመቷን አውጥተን ዕቃዋን ስንካፈል ከአልጋዋ ሥር የነበረው የቆርቆሮ ሳጥን ለእኔ ደረሰኝ። ቁልፉ ጠፍቶ ስለነበር የተሻማኝ ሰው የለም። በመዶሻ መትቼ ከፈትኩት።

ከላይ ነጠላና የጸሎት መጽሐፍ ነው። ከሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ ወረቀቶች አሉ። አንዱ «ለእናት አገር ጥሪ» የሚል የ10 ብር ደረሰኝ ነው፣ ሰኔ 1969። ሌላው በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ የአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የካቲት 1970። የጻፈው የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ታጠቅ ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ፣ ከዚያ አልተመለሰም፤ በቤታችን ከዚህ በላይ አይወራም ነበር። ሦስተኛው ጠንከር ያለ ካርድ ነው፣ የ1979። የቀበሌ ማኅተም አለበት፤ ወሮቹ ተደርድረው በየሳጥኑ ጭረትና ፊርማ ሰፍሮበታል። «የቤተሰብ ብዛት 6» ይላል። እናቴ (ያኔ አግብታ ወጥታለች) ቤቱ ውስጥ የቀሩት አምስት ናቸው ትላለች። በመጨረሻ በእጅ የተሰፋች የአቡጀዲ ከረጢት አለች፤ ስፌቷ ውስጥ የቀረው ዱቄት እስካሁን ገብስ ገብስ ይሸታል።

እኔ የተወለድኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለ ውጊያዎቹ የተጻፈ አላጣሁም። የጎደለኝ ሌላው ነው፤ ሰፈር ያለው ሰውና ካምፕ ያለው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ነበር የሚኖሩት? ካርዱስ ምንድን ነው?

#2 የሠልፍ ድንጋይ

ካርዱ የኅብረት ሱቅ ካርድ ነው፤ እኛ «የስኳር ካርድ» ነበር የምንለው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ነጭ ጋዝ፣ ሲገኝ ደግሞ ጨርቅ፣ በቤተሰብ ብዛት ተሰፍሮ ይሰጥ ነበር። ጭረቱ የወሰዳችሁበት ወር ነው። ሠልፉ ከሌሊት ስለሚጀምር ሰው ድንጋይ ወይም የተቀደደ ቆርቆሮ በቦታው አስቀምጦ ቤቱ ይተኛል። የእኛ ድንጋይ ነጭ ቀለም የተቀባች ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። አንድ ቀን ሰርቀውን ወንድሜ ሊደባደብ ነበር። ለድንጋይ!

አንተ ለጠየቅኸው ግን ቁልፉ ቀበሌው ነው። ቀበሌ የተቋቋመው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በታወጀ ጊዜ፣ ሐምሌ 1967 ነው፤ መነሻው የቤት ኪራይ መሰብሰብና የሰፈር ጉዳይ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሁሉም ነገር በእሱ በኩል አለፈ። መታወቂያ እሱ፣ መሸኛ እሱ፣ ማታ በየመንገዱ የሚቆመው አብዮት ጥበቃ የእሱ፣ የሰዓት እላፊ ጥያቄ የእሱ፣ ለዘማች መዋጮ የእሱ፣ ዘማች መመልመልም የእሱ። ስኳር የሚሰፍርልህና ልጅህን የሚመዘግበው ሰው አንድ ነው። ብዙ ሰው ዝም ያለበትን ምክንያት ከዚያ ሠልፍ ውስጥ ፈልገው።

#3 የቀድሞው ሃምሳ አለቃ

ልጄ፣ ከረጢቷ የበሶ ነች። እናትህ ብትጠየቅ ታውቃታለች።

የእናት አገር ጥሪ የተላለፈው ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ነው። ያኔ በሰሜንም በምሥራቅም እሳት ነው። ሚሊሺያው ሰኔ 18 አብዮት አደባባይ ላይ ተሰልፎ ታየ። ቁጠረው፤ ከጥሪው እስከ ሰልፉ ሦስት ወር አልሞላም። እኔ ታጠቅ ላይ ከአሠልጣኞቹ አንዱ ነበርኩ። ከአምቦ መንገድ ወረድ ብሎ ያለው ሜዳ ድንኳን በድንኳን ሆነ። አብዛኛው ከገበሬ ማኅበር የመጣ ሰው ነው። መሣሪያ መያዝ አላስተማርናቸውም፤ ከኛ የተሻለ የሚተኩስ ሞልቶ ነበር። ያስቸገረን ጫማ ነው። በባዶ እግሩ ተራራ የሚወጣ ሰው ቡት ጫማ አድርጎ በአንድ ቀን እግሩ ይላጣል። በአንገታቸው አንጠልጥለው በባዶ እግር ሲሮጡ አይቼ ስንቱን ተቆጥቻለሁ።

የመንግሥቱ ስንቅ ኮቾሮ ነበር። ለማያውቁት፣ ኮቾሮ ደረቅ የወታደር ብስኩት ነው፤ በድንጋይ ሰብረህ በውኃ ካላራስከው ጥርስ ያወልቃል። ከየቀበሌው ደግሞ እናቶች በሶ ፈጭተው፣ ድርቆሽ አድርቀው፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ አዘጋጅተው ይልኩ ነበር። አብዛኛው በጆንያ ነው የሚመጣው። በትንሽ ከረጢት የተሰፋ ከሆነ ለቀበሌ የተሰጠ አይደለም፤ ለራሷ ልጅ ሰፍታ በሰው እጅ የላከችው ነው። ባዶዋ ከተመለሰች ደግሞ ልጁ በልቶ መልሶላታል ማለት ነው። ከረጢት የሚመልስ ወታደር ብዙ አላየሁም። ጥሩ ልጅ ነበር።

#4 ሳጥን ከፋቹ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ከረጢቷን ወስዳ ክፍሏ ገባች።

#5 ፍሬሽ

ይቅርታ ግን ነገሩን አታሳምሩት። እናቶች በሶ ፈጩ፣ ገበሬው እየዘፈነ ሄደ... እኛ የሰማነው አፈሳ ነው። ሰው ከፊልም ቤት በር፣ ከአውቶቡስ ተራ እየታፈሰ መኪና ላይ ይጫን ነበር። የቱ ነው እውነቱ?

#6 የላስታው

ሁለቱም እውነት ነው፤ ዘመኑ ነው የተለያየው። በ1969 የዘመተውና በ1979 የዘመተው አንድ ዓይነት ሰው አይደለም።

በ69 ምሥራቁ በሶማሊያ የተወረረ አገር ነው። ሰውም እንደዚያ ነው የተረዳው። አባቴ ደርግን አይወድም ነበር፤ ግን «ድንበር ተደፈረ» ሲባል ምንሽሩን ወልውሎ ሄደ። ያኔም ቢሆን በኮታ የተላከ አልጠፋም፣ ይህን አልክድም።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወንድ ስድስት ወር ይሠለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ነው ይላል። በወረቀት ሲታይ ብዙ አገሮች ያላቸው ሕግ ነው። እኛ መንደር ሲደርስ ግን ለገበሬ ማኅበሩ «ይህን ያህል ሰው አምጣ» የሚል ቁጥር ሆኖ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ማንን ይልካል? የወንድሙን ልጅ አይልክም። መሬት የተካሰሰውን ሰው ልጅ፣ አባት የሌለውን፣ እረኛውን ይልካል። ታላቅ ወንድሜ ሁለት ዓመት ተብሎ ሄዶ በአምስተኛው ዓመት ነው የመጣው፤ እሱም ቆስሎ።

ሌላው የተረሳው እህሉ ነው። ገበሬው መንግሥት በወሰነው ዋጋ የኮታ እህል ማስገባት ነበረበት፤ እህሉ በቅድሚያ ለሠራዊቱና ለከተማው ቀበሌዎች ነው። የተረፈውን ወደ ሌላ አውራጃ ወስደህ እንዳትሸጥ ኬላ አለ። ምርት ያነሰው ሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ አስገብቷል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ ጤፍ በቀሚሷ ሥር አስራ እንደ ነፍሰ ጡር ኬላ ታልፍ ነበር። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና ኬላው ሲነሣ «ወለድኩ» ብላ ሳቀች።

ስለዚህ ልጁንም እህሉንም የሚወስደው ያው ማኅበር ነበር። #2 ያለው ለከተማ ብቻ አይደለም።

#7 ፍሬሽ

«ወለድኩ» 😂 እናትህ ይመቻቸው። ገባኝ፣ ይቅርታ።

#8 የድሬ ልጅ

እኛ ጋ ግንባርና ሰፈር የሚለይበት መስመር ጠፍቶ ነበር፤ ግንባሩ ሰፈራችን መጣ።

አባቴ ምድር ባቡር ውስጥ መካኒክ ነበር። በ1969 ክረምት ሳይገባ ድልድዮች ተመቱና ባቡሩ ቆመ። ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ይከብዳል። እኛ ሰዓት የምናውቀው በባቡሩ ጩኸት ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ሸቀጥ፣ ወደዚያ የሚሄደው ጫት፣ የሻይ ቤቱ ገቢ፣ የጋሪው ሥራ፣ ሁሉም በሐዲዱ ላይ ነው የቆመው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ለብሶ ወርክሾፕ ሄዶ ዘይት የቀባውን ዕቃ እንደገና ዘይት ቀብቶ ይመለስ ነበር።

ነሐሴ 11 ንጋት ላይ መድፍ ቀሰቀሰን። እናቴ አምስታችንንም አልጋ ሥር ከታ ፍራሹን በላያችን ጣለችው። የሶማሊያ ታንኮች ከተማዋ ዳር ደርሰው ነው የተመለሱት። የአየር ኃይል አውሮፕላኖች ጣሪያችንን ታክከው ሲያልፉ ቆርቆሮው ይዘምር ነበር። ከዚያ በኋላ ከጅጅጋ በኩል የተፈናቀለ ሰው መጣ፤ ጅጅጋ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው የወደቀችው። በየቤቱ ሦስትና አራት ቤተሰብ ሆንን። እኛ ልጆች ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቀለህ እየለቀምን በብይ ፈንታ እንጫወትበት ነበር።

ከጎረቤታችን የሶማሌ ቤተሰብ ነበር፤ ልጃቸው የቅርብ ጓደኛዬ ነው። ከነሐሴ በኋላ አባትየው ከግቢ መውጣት ተወ። ውኃ የሚቀዳላቸው አባቴ ሆነ። ሰው «ምን አገናኘህ» ሲለው «የባቡር ሰው ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ልብስ ሰፊ ነበር።

ኩባዎቹ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ዓለም። ኳስ ይጫወቱ ነበር ከኛ ጋር። ካራማራ የተመለሰ ዕለት (የካቲት 26 ቀን 1970) በከተማው የነበረው ጩኸት... ያን ቀን የተለቀሰው ለቅሶ ደስታም ነበረ፣ ሌላም ነበረ።

#9 የማታ ገበያ

ሁሉንም አነበብኩ። የምሥራቁ ጦርነት የሁላችን ነበር፤ የእኔም አጎት ካራማራ ነው የቀረው። ግን ርዕሱ «ሰፈሩና ሠራዊቱ» ከሆነ የእኛን ሰፈር ሳትጨምሩ እንዳትዘጉት።

እኔ ያደግሁት ትግራይ ገጠር ነው። እኛ ጋ «ሠራዊቱ» ማለት ስንቅ የሚላክለት ልጅ አይደለም፤ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ነው። ቀን ገበያ መቆም ስላልተቻለ ገበያው ማታ ሆነ። በኩራዝ እህል ይሰፈራል፣ በጨረቃ በሬ ይሸጣል። ሻጩና ገዢው ፊት ለፊት ሳይተያዩ በድምፅ ይተዋወቃሉ። እርሻውም ጎህ ሳይቀድ ነው። የእናቴ ነጭ ነጠላ ከሩቅ ይታያል ተብሎ በአፈር ተነከረ። ሐውዜን ግን በቀን ነበር የቆመችው፣ ሰኔ 15 ቀን 1980፤ የገበያ ቀን። አውሮፕላኖቹ ተመላልሰው ደበደቧት። አክስቴ ጨው ልትገዛ ሄዳ ነበር።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የእናንተ እናቶች ስኳር ሲሠለፉ የእኛ እናቶችም ይኖሩ ነበር ለማለት ነው።

#10 አንበሳው

አሁን ደግሞ ፖለቲካው ጀመረ። ወንበዴ ያስጠለለ ሁሉ...

[የቀረው በአወያይ ተነሥቷል]

#11 አወያይ

እዚህ ላይ እንቁም። ይህ ክር ሰዎች ያዩትንና የኖሩትን የሚያወሩበት ነው። የአክስቱን ሞት ለሚናገር ሰው እንዲህ አይመለስም። «አንበሳው» ለአንድ ሳምንት ከመጻፍ ታግዷል። ክሩ ክፍት ነው።

#12 የቀድሞው ሃምሳ አለቃ

ለ«የማታ ገበያ»። ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር።

እኔ በ1980 ሰሜን ነበርኩ። መጋቢት ላይ የኤርትራዋ አፋቤት ከወደቀች በኋላ በየምሽጉ የነበረው ስሜት ሌላ ነው። ሐውዜንን የሰማነው ከውጭ ሬዲዮ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን፣ ድምፁን ቀንሰን፣ አንድ ሰው በር ጠብቆ። የአሜሪካ ድምፅን ወይም ዶይቼ ቬለን ሲሰማ የተገኘ ወታደር ምን እንደሚደርስበት ይታወቃል፤ ግን ካድሬውም ራሱ ይሰማ ነበር። ያን ሌሊት ማንም አስተያየት አልሰጠም። አንድ የአድዋ ልጅ አብሮን ነበር፤ መትረየስ ተኳሽ። ጠዋት ተነሥቶ መትረየሱን እንደ ሁልጊዜው ወለወለ። እኛም እንደ ሁልጊዜው ሻይ ቀዳንለት። ሌላ የማደርገው አላወቅሁም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

#13 የማታ ገበያ

ጋሼ፣ ስለ አድዋው ልጅ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። በሕይወት ተረፈ?

#14 የቀድሞው ሃምሳ አለቃ

በ1981 ሽሬ ላይ ተለያየን። ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።

#15 የካምፕ ልጅ

እስቲ እኔም ልግባ፤ የወታደር ሚስቶችና ልጆች ተረሳን።

አስመራ ካምፕ ውስጥ ነው ያደግሁት። አባቴ የሁለተኛው ክፍለ ጦር ሰው። ካምፕ ማለት ለእኛ ልጆች ሙሉ አገር ነው፤ ክሊኒክ አለው፣ መዝናኛ ክበብ አለው፣ ቅዳሜ ፊልም አለ፣ በዓል ሲሆን የክፍሉ ኪነት ይጫወታል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ስለሆነ የሁሉም ቋንቋ ይሰማል። እኛ ልጆቹ ትግርኛን ከከተማው ልጆች ለምደን እናታችን ገበያ ስትወጣ እናስተረጉም ነበር። የከተማው ሰው ለእናቴ በጣም ደግ ነበር፣ ለአባቴ ግን ዩኒፎርም ከለበሰ ሰላምታ አይሰጥም። እሁድ ሲቪል ለብሶ ሲወጣ ያው ባለሱቅ ቡና ይጋብዘዋል።

የካቲት 1982 ምፅዋ ስትያዝ ወደቡ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለአስመራ የሚገባው ሁሉ በአውሮፕላን ሆነ፤ ጥይቱም ዱቄቱም። ዋጋው ሰማይ ነካ። ውኃ በሳምንት አንዴ። አባቴ ከድርሻው ኮቾሮ ያመጣና እናታችን በምጣድ ላይ አሙቃ፣ ስኳር ካለ ስኳር ነስንሳ «ኬክ» ትለን ነበር። ለጎረቤታችን ለአስመራዋ እናትም ትልክላታለች። እሷ ደግሞ ልጇ በረሃ፣ ከሻዕቢያ ጋር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱ እናቶች ስለ ወንዶቹ አያወሩም ነበር፤ ስለ ውኃው ብቻ።

ግንቦት 1983 ከተማዋ ስትያዝ እኛ በከረን በኩል ወደ ሱዳን ከወጡት ነን። በእግር። ስለዚያ መንገድ መጻፍ አልችልም።

#16 ብላቴ 83

እኔ ደግሞ ሲቪልም ወታደርም ሳልሆን የቀረሁ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። በ1983 ሁለተኛው ሴሚስተር ሳያልቅ ግቢው ተዘጋና ወደ ብላቴ ጦር ማሠልጠኛ ተጫንን። ሲዳሞ ውስጥ ሙቀትና ወባ። ካልኩለስ ደብተሬን ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ጀርባው ላይ የክላሽ አፈታት ጻፍኩበት። አሠልጣኞቻችን «ምሁር» ይሉን ነበር፤ ስድብ ነው ሙገሳ እስካሁን አልለየሁትም።

ሥልጠናውን ስንጨርስ አገሪቱም ጨረሰች። ግንቦት 13 ፕሬዚዳንቱ ኮበለሉ የሚለውን ስንሰማ አዛዦቻችን ከኛ በላይ ግራ ተጋቡ። ብዙዎቻችን ወደ ሞያሌ፣ ወደ ኬንያ በእግር። እኔ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ዲላ ላይ ዩኒፎርሜን ለአንድ ባለ ጫት በሸሚዝ ለወጥኩት። ሸሚዙ ክንዱ አጭር ነበር፤ ቤቴ ስደርስ እናቴ መጀመሪያ ያየችው ያንን ነው፣ «ይሄን ማን ሰፋልህ?»

#17 ሳጥን ከፋቹ

በዚህ ሁሉ መሀል ደብዳቤውን እንድለጥፍ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ስምና ቦታ አውጥቼ እነሆ፦

«ለክብርት እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። የላክሽው ደረሰኝ፣ ከጓዶች ጋር በላነው። ከረጢቷን በመጣው ሰው መልሻለሁ፣ ጨርቅ ተወዷል ስላልሽ። ያለሁበትን ቦታ ልነግርሽ አልችልም። ብርድ ነው። ለእነ እማማ ሰላም በይ። አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት።»

በቃ ይህ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው መፈክር ለእናት ደብዳቤ ላይ ምን ይሠራል?

#18 የሠልፍ ድንጋይ

ያኔ መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ነው የሚዘጋው። ለፈቃድ ማመልከቻም፣ ለቤት ጥገናም። እጅ ለምዶት ነው። ደግሞ ደብዳቤው ተከፍቶ እንደሚነበብ ያውቃል።

ስድስቱ ነገር ግን አልለቀቀኝም። አምስት ሆናችሁ ስድስት ካለ፣ አያትህ የልጇን ስም አላሰረዘችም ማለት ነው። ብዙ እናቶች እንዲህ አድርገዋል። ለስኳሩ ብለው አይደለም።

#19 የላስታው

ለስኳሩም ይሆናል። ነውር አይደለም።

#20 እትዬ ዘነበች ጎረቤት

ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። መርዶ ያልተነገረው ሰው ሞቷል አይባልም። ከምሥራቁ ጦርነት ጊዜ ለአንዳንዱ ቤት ወረቀት መጥቷል፤ ልጆቻቸው ሕፃናት አምባ (የዘማች ልጆች ማሳደጊያ) የገቡላቸውም አሉ። ለብዙው ቤት ግን ምንም። ከሰሜኑ ደግሞ ጭራሽ። መርዶ እኮ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሳይነጋ በር ይንኳኳል፣ ጎረቤት አስቀድሞ ያውቃል፣ ውኃ ተቀድቶ ይቀመጣል። ያን የሚያደርግ ከሌለ እናት እርሟን ምን ብላ ታውጣ? ቁርባን የለ፣ ተዝካር የለ። እናቴ ለወንድሜ 14 ዓመት በር ሳትቀረቅር ነው ያደረችው፤ ሰዓት እላፊም እያለ። በ1983 ሠራዊቱ ተበትኖ በየመንገዱ ሲለምን ጊዜ ቂጣ ጋግራ ወጥታ እያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። አያትህ ተዝካር አውጥታ ነበር?

#21 ሳጥን ከፋቹ

አላወጣችም። እኛ ልጆቹ «ለምን?» ብለን ስንጠይቅ ትቆጣ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ አክስቴ ጋ ሄጄ ካርዱን አሳያታለሁ። እስከ መጨረሻው ከአያቴ ጋር የኖረችው እሷ ናት።

#22 ሳጥን ከፋቹ

ተመልሻለሁ። እንዴት እንደምጽፈው እያሰብኩ ሁለት ቀን ቆየሁ።

አክስቴ ካርዱን አይታ ሳቀች። «ስድስተኛው እኮ ጋሼ ነው» አለችኝ። ጋሼ የምንለው የሩቅ ዘመዳችን ነው፤ ከጎናችን ነው የሚኖረው፣ እኔን ትምህርት ቤት ያመላለሰኝ እሱ ነው። በቀኝ እግሩ ያነክሳል። «በጦርነት ቆስሎ ነው» ተብለን ነው ያደግነው።

በ1978 ሌሊት ከሰላሌ መጣ አለችኝ፤ 18 ዓመቱ። ገበሬ ማኅበሩ ስሙን ለብሔራዊ ውትድርና አስተላልፎ ነበር። ለሁለት ሳምንት ኮርኒስ ላይ ተኛ። ከዚያ አያቴ እጁን ይዛ በቀን፣ በሰው ፊት፣ ቀበሌ ወሰደችው። ለሊቀመንበሩ «ልጄ ከግንባር ቆስሎ ተመለሰልኝ» አለችው። ያ ልጇ ቢኖር ሠላሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው ነው፤ ሊቀመንበሩም አብሮት ኳስ የተጫወተ የሰፈር ልጅ ነው። አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ሊቀመንበሩ ከመዝገቡ ቀና አላለም። «የትኛው እግሩ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አያቴ «ቀኙ» አለች። ጻፈው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ግንቦት 1983 ድረስ ከቤት ከወጣ አነከሰ። የዘመተና የቆሰለ ሰው ሁለተኛ አይጠራም። በኋላ ግን እግሩ ለመደው። መታወቂያው ላይ እስከ ዛሬ ያለው የአጎቴ ስም ነው፤ ያገባውም በዚያ ስም ነው።

ስለ ተዝካሩ ጠየቅኋት። «ሰውየው በየወሩ ስኳር እየፈረመ እየወሰደ የማንን ተዝካር ታውጣ?» አለችኝ። «ደርግ ከወደቀ በኋላስ?» አልኳት። «ያኔማ ጋሼ ልጅ ወልዶ ነበር። በአባትነት የሚጠራው ስም እኮ ነው» አለችኝ።

ካርዱ ላይ ያለውን ፊርማ ዛሬ በደንብ አየሁት። የ1979 ወሮች በሙሉ የተፈረሙት በአጎቴ ስም ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ግን ደብዳቤው ላይ ያለው አይደለም።

#23 የቀድሞው ሃምሳ አለቃ

ሊቀመንበሩ በሕይወት አለ?

#24 ሳጥን ከፋቹ

የለም ጋሼ። አክስቴ እንዳለችው በ1983 ከሌሎቹ የቀበሌ ሰዎች ጋር ታስሮ ነበር። ምግብ ያመላለሰችለት አያቴ ናት።

#25 የሠልፍ ድንጋይ

ካርዱን ላስቲክ ውስጥ መልሰህ አታስገባው፣ ይልብበታል። በነጭ ወረቀት ጠቅልለው።